ግማሽ ሹሩባ

ልጄ ከቤሩት ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ "ሚጣ በላች?" ነው። የዚያን ቀን ግን "እማ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ። ቁጭ በይ ሲሉኝ ሰው የሞተ ስለሚመስለኝ ጭራሽ ተነሥቼ ቆምኩ።

"በአዲስ አበባ ላልፍ ነው" አለች።

ማለፍ ማለት ምን እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የምትሠራላቸው ቤተሰቦች አፍሪካ ውስጥ ወዳለ ሌላ አገር ሄደዋል፤ ባልየው እዚያ ሱቅ ከፍቷል። እሷ ቤቱን አስረክባ ልትከተላቸው ነው። የተቆረጠላት ትኬት በእኛ አገር በኩል ሆነ። ጠዋት ትደርሳለች፣ ማታ በሌላ አውሮፕላን ትሄዳለች። ትራንዚት ይሉታል።

"ታዲያ ያስወጡሻል?"

"ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው እማ። ገዛ አገሬ እንዳልገባ ማን ይከለክለኛል?"

"ከወጣሽ በኋላ መልሰው ባያስገቡሽስ?"

"ያስገቡኛል።"

"ማን ነገረሽ?"

"እማ" አለች። በዚያ ድምፅ "እማ" ስትል ዝም በይ ማለቷ ነው።  ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ ከእኔ ጋር ተጣላ።

ሚጣ የእሷ ልጅ ናት። እናቷ ወደ ቤሩት ስትሄድ ገና ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ልትገባ ደርሳለች። አባቷ ከመወለዷ በፊት መንገዱን ይዞ ሄዷል። ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ነን። እኔን "እማዬ" ትለኛለች። እናቷን "እትዬ" ትላታለች፤ ሰው ሲጠይቃት ደግሞ "የስልኳ እትዬ" ብላ ታብራራለች። የእኔ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፣ መልክ አያሳይም። ግድግዳችን ላይ የእናቷ ፎቶ አለ፤ ግን ግድግዳ ላይ የኖረ ፎቶ ለልጅ ያው ግድግዳ ነው።

ፍርሃቴ ብዙ ቢሆንም የሁሉ አለቃ አንድ ነበር። ልጄ ስንት ዓመት የሰው ልጅ አቅፋ፣ በአንድ ቀን የራሷን ልጅ ልታይ ነው። ሚጣ ደግሞ ሰው አትለምድም። ያቺ ቀን በልቅሶና በመደበቅ ብታልፍስ? ልጄ ገዛ ልጇ ሳታውቃት አውሮፕላን ላይ ብትወጣስ? ይህን ሳስብ ባትመጣስ ይሻል ነበር እስከማለት እደርስና ወዲያው አፌን በእጄ እይዛለሁ።

ያ ዓመት የከተማው ባቡር አዲስ የሆነበት፣ በእኛ በኩል ደግሞ መንገዱ የታወከበት ዓመት ነበር። ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣ ተባለ። አዲስ አበባን፣ በዙሪያዋ ካለነው ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ጋር በአንድ ዕቅድ የሚያስገባ ነው አሉ። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ወረቀቱን አላየሁትም፣ ባየውም አይገባኝም። ግን የወንድሜ እርሻ የት ጋ እንደሚያልቅ፣ የአበባ እርሻው አጥር የት ጋ እንደሚጀምር አውቃለሁ። አጥሩ ወደ እኛ ሲገፋ እንጂ ወደ ኋላ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ዕቅዱን ተቃውመው መንገድ የሚዘጉት ልጆች ለምን እንደሚጮኹ ይገባኝ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ግን የገባኝ ነገር ሁሉ ይጠፋኝና ሚጣን ከደጅ አፍሼ እገባለሁ።

ልጄ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ከሰዓት በኋላ፣ ሚጣን ደጃፍ ላይ በጉልበቶቼ መሃል አስቀምጬ ሹሩባ እሠራት ነበር። ሐሳቤ በማግስቱ ሌሊቱ ሲነጋጋ ተነሥተን መሄድ ነው። ፀጉሯን ከእኔ በቀር ማንም አይነካም። እኔም ብሆን ዝም ብዬ ከሠራሁ ስለምታለቅስ እንቆቅልሽ እየተጫወትን ነው የምጨርሰው።

"እንቆቅልሽ" አልኳት።

"ምን አውቅልሽ?"

"እግር የላትም ትሄዳለች፣ አፍ የላትም ትጮኻለች።"

"ወንዝ።"

"የቱ ወንዝ?"

"ከጓሯችን በታች ያለው።"

ሌላ ቤት ወንዝ ካሉ ይበቃል። በእኛ ቤት ግን የቱ እንደሆነ ካልተነገረ አይታለፍም። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትጠይቀኝ። ቀጥሎ የጠየቅኋት ጠነከረባትና አልመለሰችውም።

"አገር ስጪኝ" አልኳት፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል።

"አዲስ አበባን።"

"አዲስ አበባን ባለፈውም ሰጥተሽኛል። ሰበታን ስጪኝ።"

"ሰበታን አልሰጥም።"

ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ መንደሩ በሙሉ ኦቦ ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ። "ደግ አደረግሽ፣ እንዳትሰጪ። የሚሰጥማ ሞልቷል" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ፣ ነገ ነው የምትሄጂው?"

"አዎ ኦቦ፣ በጠዋቱ። ምነው፣ ምን ሰሙ?"

"ነገን አትጠብቂ። ከሌሊት ጀምሮ መንገዱ ይዘጋል ይላሉ፤ አለም ገና ላይ አሁንም ድንጋይ እየወጣ ነው። የምትሄጂ ከሆነ አሁን ተነሺ።"

እጄ የሚጣ ፀጉር ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሹሩባ የምሠራው ከግራ ጀምሬ ነው፤ የግራው ጎን በቀጫጭኑ፣ ጥብቅ ብሎ ወደ ኋላ ተሠርቶ አልቋል። የቀኙ ተበጥሮ እንደ ሾላ ዛፍ ቆሟል። ባለቤቴ የፋብሪካ ዘበኛ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከፋብሪካው ንቅንቅ እንዳይሉ ተነግሯቸው ነበር። የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሚዶዬን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ የሚጣን ራስ በሻሽ አሰርኩ፣ ለመንገድ በቅቤ ያሸሁትን የገብስ ጩኮ በፌስታል ያዝኩና ወጣሁ። ኦቦ በአጥሩ ላይ "ቤቱን አያለሁ፣ አትዙሪ" አሉኝ።

መናኸሪያው ላይ አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ድንጋዩ ድረስ! ድንጋዩ ድረስ!" እያለ ይጠራል።

"አየር ጤና አትደርሱም?" አልኩት።

"እናቴ፣ አየር ጤና ድሮ ቀረ። አሁን መጨረሻችን ድንጋዩ ነው።"

"ድንጋዩ የት ነው?"

"እሱማ እየተራመደ ነው። እስክንደርስ ወደዚህ ከመጣ እዚህም አወርዳችኋለሁ።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሚጣን ጭኔ ላይ ጭብጥ አድርጌ ይዤ በየኩርባው ሳማትብ ነበር። አለም ገና ስንቃረብ መኪናው ቆመ። ከፊት ለፊት ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ወጣቶች ቆመዋል። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ቀጠለ። እኔ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጨሁና አንዱን ጭብጥ ለሚጣ ሰጠኋት፣ አንዱን ራሴ ያዝኩ። በእኛ አካባቢ እርጥብ ሳር የያዘ ሰው ሰላም ብሎ ነው የሚመጣው፤ እሱን መንካት ነውር ነው።

ድንጋዩ ጋ አንድ ረጅም ወጣት "ሃደ ኮ፣ ኤሳ ዴምቱ?" አለኝ፤ እናቴ ወዴት ነው ማለቱ ነው። በኦሮምኛ መለስኩለት። የዚች ልጅ እናት ነገ በአውሮፕላን ትመጣለች፣ ማታውኑ ትመለሳለች፣ ሳይተያዩ እንዳይቀሩ ነው አልኩት። ይህን ስናገር የሚጣ ሻሽ ተንሸራቶ ወደቀ። ወጣቱ የተሠራውን አየ፣ ያልተሠራውን አየ።

"ይቺን ደግሞ ግማሽ ላይ ጥሏት የሄደ ማነው?"

"እናንተ ናችኋ" አልኩት። ከየት እንደወጣኝ አላውቅም። "መንገድ ስትዘጉ ሹሩባዬን አቋረጣችሁብኝ።"

ፊቱ ላይ ያለው ጥላሸት በሳቅ ተሸበሸበ። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። ከዚያ ሚጣን ከነሳሯ አንሥቶ በድንጋዩ ላይ አሻገራት፤ ለእኔም እጁን ሰጠኝ። "ለእናትየው ይቅርታ በይልን" አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ደህና ይሁን እያልኩ እስካሁን አስበዋለሁ።

ፉሪ መገንጠያ እስክንደርስ በእግራችን ሄድን፣ ከዚያ ታክሲ አገኘን። አየር ጤና የአጎቴ ልጅ ቤት ስንደርስ ሚጣ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። የአጎቴ ልጅ ሻሹን ፈትታ ስታይ "ውይ፣ እኔ ልጨርስላት?" አለች። እጇ እንደነካት ሚጣ በእንቅልፏ መጮህ ስለጀመረች ተውናት። መብራትም አልነበረም።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያው ውጪ፣ ተቀባዮች ከሚቆሙበት፣ ከሁሉ ቀድመን ደረስን። ብርድ ነው። ሚዶው ብብቴ ውስጥ አለ፣ ልጅቷም አጠገቤ አለች፤ መጨረስ በቻልኩ ነበር። ግን ዓይኔን ከበሩ ብነቅል በዚያች ቅጽበት ታልፈኛለች ብዬ ፈራሁ። የሐር ሹራብ የለበሱ፣ አበባ የያዙ ሰዎች በዙሪያችን ቆመዋል። ልጄ ልጇን አምናኝ ሄደች፤ እኔ ደግሞ በግማሽ ራስ አመጣኋት። ሻሹን ደጋግሜ አጠበቅሁት።

ልጄ ወጣች። ወፍራለች፣ ቀልታለች፣ አረማመዷ ግን ያው ነው፤ እንደ አባቷ ግራ እግሯን ትጥላለች። የያዘችው ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ሚጣ ጎንበስ አለች። ሚጣ ነጠላዬ ውስጥ ገባች።

"ሚጣዬ።"

ሚጣ ነጠላውን ይበልጥ ተጠቀለለችበት።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። የስልኳ።"

ሚጣ በነጠላው ውስጥ አንድ ዓይኗን አወጣችና "ጫማዬስ?" አለች።

በስልክ ቀይ ጫማ ተብሎላታል። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ለካ ጫማውም፣ ቀሚሱም፣ የሚያለቅሰው አሻንጉሊትም፣ ለባለቤቴ የገዛችው ካፖርትም ሁሉ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሻንጣው ደግሞ ትራንዚት ላይ አይወጣም። እሷ ትወጣለች፣ ዕቃዋ ግን ቀጥታ ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ያልፋል። ይህን ያወቀችው እዚያው ስትጠይቅ ነው።

"ለምኛቸው ነበር" አለች። "ማታ እዚያ ስትደርሺ ነው የምታገኚው አሉኝ። ስንት ጊዜ ገልብጬ ያጣጠፍኩት ልብስ እማ። ባዶ እጄን መጣሁ።"

እኔም ያን ጊዜ ሻሹን ፈታሁና የሚጣን ራስ አሳየኋት። "እኔም ይኸው" አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

መጀመሪያ ያለችው ሰበታ እንሂድ ነው። "የቤቱን ደጅ ብቻ ረግጬ ልመለስ" አለች። መንገዱን ነገርኳት። አላመነችኝም፤ የእኔን ፍርሃት ስለምታውቀው የጨመርኩበት መሰላት። የታክሲ ሹፌር ጠየቀች። "ሰበታ? ዛሬ? እኔ ልጆች አሉኝ" ብሏት መስተዋቱን ዘጋ። ቅር አላት። እኔ ደግሞ እዚያው አካባቢ አንድ ቡና ቤት እንቀመጥና እስከ ማታ አውሮፕላኑን እንጠብቅ አልኩ።

"እስከ ማታ? እማ፣ በትራንዚት የወጣ ፈረንጅ እንኳ ከተማውን ዞሮ ይመለሳል።"

"እሱ አውሮፕላን ቢያመልጠው ሌላ ይገዛል።"

"በጊዜ እንመለሳለን። ባቡሩን አሳዩኝ፤ አላየሁትም እኮ።"

እኔም አላየሁትም ነበር። ሚጣ "ባቡር" ሲባል ከነጠላው ወጣች።

ስታዲየም ጋ ከታክሲ ወርደን፣ ልጄ ከአንድ ሱቅ ጫማ ገዛችላት፤ እንዲያውም ቀይ ነበር። ሚጣ አየችውና መልሳ ሰጠቻት። "የኔው ሻንጣ ውስጥ ነው" አለች። ባለሱቁ "ልጅቷ ደንበኛ ናት፣ የራሷን ታውቃለች" ብሎ ቀለደ። ልጄ ጫማውን ይዛ ቆመች። እኔ የጫማውን ፌስታል ተቀበልኳት፣ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ።

ባቡሩ ሰው እንደ እህል ሞልቶበት ነበር። ሚጣ መስኮቱ ጋ፣ በእኔ ላይ ተቀመጠች። እናቷ "ነይ እኔ ልያዝሽ" ስትላት በክርኗ ገፋቻት። ጎተራ የሚያክል ፎቅ እያለፈ፣ ከላይ ሆነን የሰው ጣራ እያየን ወደ ጦር ኃይሎች ሄድን። ፈርቼ ብረቱን ሙጭጭ አድርጌ ይዣለሁ። መጨረሻው ሊደርስ ሲል ልጄ "እማ፣ ያ ወጨጫ አይደለም?" አለች። ቀና አልኩ። ተራራው በምዕራብ በኩል ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል።

"ወጨጫ ነው።"

"ከሥሩ እኮ ነው ቤታችን።"

"አዎ፣ ከሥሩ ነው።"

ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቆየች። ስንመለስም ተራራው እስኪጠፋ ወደ ኋላ ዞራ ነበር የተቀመጠችው። "ይበቃኛል" አለች በመጨረሻ። "አየሁት አይደል።" ያን ስትል ደረቴ ትንሽ ቀለለኝ።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ወጥተን ጩኮአችንን አወጣሁ። ልጄ በጣቷ እየጠረገች በላች፤ ቅቤው ጉንጯን ነክቶት ነበር። ፀሐይዋ ደግ ነበረች። ከታች የሚሮጡ ሰዎች ነበሩ፣ ወዲያ ደግሞ ፖሊሶች በመኪና ቆመዋል። ሚጣ ሻሿን ጥላ በደረጃው ትወጣለች ትወርዳለች፤ ያልተሠራው ፀጉሯ በንፋሱ ይነሣል።

ልጄ ስታያት ቆየችና "ሚዶ ይዘሻል?" አለችኝ።

ከብብቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ያን ደረጃ የሠራ ሰው ለሹሩባ የሠራው ይመስላል፤ ሠሪዋ ከላይ ትቀመጣለች፣ ልጅቷ ከታች በጉልበቶቿ መሃል። ሚጣን "ነይ ቁጭ በይ፣ ግማሽ ራስሽን ይዘን ሰው ሳቀብን" አልኳት። መጣችና እኔ ፊት ተቀመጠች። እኔ ተነሣሁና ቦታውን ለልጄ ለቀቅሁ። ሚጣ ወዲያው ጮኸች።

"አንቺ ነሽ የምትሠሪው!"

"እጄን ብርድ መታው።"

"ፀሐይ ነው!"

ልጄ ሚዶውን ከታች ወደ ላይ አስገባች። ሚጣ አንገቷን ሰበረች። ልትነሣ ስትል እናቷ፣ ለማባበል ይሁን እጇ ራሱ አስታውሷት ይሁን አላውቅም፣ "እንቆቅልሽ" አለች።

ሚጣ ቀጥ አለች። እንቆቅልሽ የተባለ ልጅ ዝም ማለት አይችልም። "ምን አውቅልሽ?" አለች፣ እያኮረፈች።

"እግር የላትም ትሄዳለች፣ አፍ የላትም ትጮኻለች።"

"ወንዝ።"

"የቱ ወንዝ?"

"ከጓሯችን በታች..." ሚጣ አቋረጠችና አንገቷን ዞር ልታደርግ ሞከረች። "የኛን ወንዝ በምን አወቅሽው?"

"እዚያ ነው ልብስ ሳጥብ ያደግሁት። ይቺ እንቆቅልሽም የኔ ነበረች። እማ እንዲሁ በጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ስትሠራኝ።"

ሚጣ አሰበች። "አንቺንም እማዬ ነች የምትሠራሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ እህቴ ነሽ?"

"አይደለሁም። እሷ የኔ እናት ናት፣ እኔ ደግሞ ያንቺ።"

 ሚጣ ግን ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልያዘችውም፤ "እሺ፣ አሁን እኔ ልጠይቅ" አለች። "እንቆቅልሽ።"

"ምን አውቅልሽ?"

"ታወራለች፣ እጅ የላትም። ትስቃለች፣ ጥርስ የላትም።"

"ሬዲዮ።"

"አይደለም።"

"ወፍ።"

"ወፍ መቼ ትስቃለች?"

በዚህ መሃል አንድ ፖሊስ ደረጃውን ወጥቶ ወደ እኛ መጣ።  በዚያ ሰሞን ሰው ተሰብስቦ መቀመጥ አይወደድም ነበር። "እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?" አለ።

"ሹሩባ" አለች ልጄ፣ ቀና ሳትል።

የሚጣን ራስ አየ። "ጨርሱና ተነሡ" አለ። ጥቂት ሄዶ ዞረና "ረጋ ብላችሁ ጨርሱ። በግማሽ ራስ አስነሣሁ ብል እናቴ ቤት አታስገባኝም" አለ።

ሚጣ ፖሊሱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። "አታውቂም፣ አታውቂም። አገር ስጪኝ" እያለች ነው።

"ቤሩትን ሰጠሁሽ።"

"ቤሩትን አልፈልግም። አንቺ ትተሽዋል። አሁን የምትሄጂበትን ስጪኝ።"

ልጄ አየችኝ። "እሺ፣ ሰጠሁሽ።"

"እዚያ ገብቼ ምን አጥቼ" አለች ሚጣ እየዘፈነች፣ "ባቡር ነድቼ፣ ቀይ ጫማ አጥልቄ፣ ጩኮ በልቼ። መልሱ የስልኳ እትዬ ነው።"

የልጄ ጣቶች ቆሙ።  ከዚያ "አሁንስ? አሁንም እጅ የላትም?" አለች።

ሚጣ እጇን ወደ ላይ ሰዳ ጭንቅላቷ ላይ ያለውን እጅ ዳሰሰች። "አሁን አላት። ትጎትታለች።"

ከዚያ በኋላ ሚጣ ልነሣ አላለችም። ልጄ ጊዜዋን ወሰደች። የእሷ እጅ እንደ እኔ አይደለም፤ ወፈር ወፈር አድርጋ፣ ከግንባሯ ወደ ጎን እያዞረች ነው የምትሠራው። የግራው ጎን የእኔ፣ የቀኙ የእሷ መሆኑ ከሩቅ ይለያል። ሌላ ቀን ቢሆን ፈትተሽ አስተካክዪው እል ነበር። ፀሐዩ ላይ ተቀምጬ፣ የሁለቱን ወሬ እየሰማሁ፣ ሰዓት እንኳ መጠየቅ ረሳሁ። እኔ ሰዓት ረሳሁ ብል ባለቤቴም አያምነኝም።

ሲያልቅ ሚጣ ሁለቱንም ጎን ዳሰሰችና በድንገት ነገሩ ገባት። "ቆይ፣ አገሩን ሰጥተሽኛል አይደል?"

"ሰጥቼሻለሁ።"

"እንግዲያው የኔ ነው። ካልፈቀድኩልሽ አትሄጂም።"

ልጄ ፊቷን አዞረች። እኔ ነኝ ፌስታሉን መሰብሰብ የጀመርኩት። ወደ ቦሌ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሚጣ በእናቷ ጭን ላይ ነበረች፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም። ጭቅጭቁ ግን አላቆመም። ልጄ ልመና ያዘች፣ ሚጣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ትጠይቃለች። እዚያ ምን ታደርጊያለሽ? የሰው ልጆች እጠብቃለሁ። ስንት ናቸው? ሁለት። ፀጉራቸውን ትሠሪያለሽ? አይ፣ እነሱ ፀጉራቸው ለሹሩባ አይሆንም። ሚጣ ይህን ስትሰማ ደስ አላት።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የደረስነው። በሩ ላይ ልጄ እኔን ሳመችኝ፣ ለአባቷ ጉልበት መሳሚያ ሌላ ጨመረችልኝ። ሚጣን አቅፋ ብዙ ቆየች። "ፈቀድሽልኝ?" አለቻት።

"ሂጂ። ግን ጠብቂልኝ፣ ስመጣ እወስደዋለሁ።"

ልጄ ወደ መግቢያው ሄደች። ከሰልፉ ገብታ ግራ እግሯን እየጣለች ልትጠፋ ስትል "እማ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዓለም ላይ እማ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ዞርኩ። የጠራችው ሚጣ ነበረች። የምታየው ግን እኔን አልነበረም።

"እማ፣ ጫማዬን ለነዚያ ልጆች እንዳትሰጪያቸው!"

ልጄ ከሩቅ እጇን ልቧ ላይ አደረገች። መልሰው አስገቧት፤ እሱንም ቆሜ አየሁ።

መንገዱ እስኪከፈት የአጎቴ ልጅ ቤት ሰነበትን። ሰበታ ስንገባ ኦቦ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው የሚጣን ራስ አዩና "ይሄ ደግሞ ሁለት ሰው የሠራው ነው" አሉ። "በዚህ በኩል የእማዬ ነው፣ በዚህ በኩል የእማ" አለቻቸው ሚጣ። የመታጠቢያው ቀን ደረሰ፣ አለፈም። ሚጣ አልፈታም አለች። ጎረቤት ይስቅ ጀመር፤ ንጹሕ ሴት ነኝና እኔንም አሳፈረኝ። በመጨረሻ ተደራደርን፤ የእኔን ጎን ብቻ እንድፈታ ፈቀደችልኝ።

ደጃፍ ላይ በጉልበቶቼ መሃል አስቀመጥኳት። የግራውን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ አበጠርኩ። ከዚያ የቀኙን ጎን ደጋግሜ እያየሁ፣ ጣቴ ባይለምደውም፣ ወፈር ወፈር እያደረግሁ ከግንባሯ ወደ ጎን አዞርኩት።